የሐጅያ ሳምቡሳ

መርካቶ ያደገ ሰው ምን እንደተሠራ ዓይኑን ሳይገልጥ ያውቃል። ጠዋት ከበርበሬ ተራ በኩል የሚመጣው ሽታ እያስነጠሰ ይቀሰቅሳል፤ ረፋዱ ላይ ቡና ይቆላል፤ ማታ ደግሞ የማን ቤት ሽሮ እንደተንተከተከ ከግድግዳው ማዶ ይለያል። የእኛ ግድግዳ ጭቃ ነበር፤ ከሽታው ሌላ ወሬም ያሳልፋል። እኛ ራጉኤል ሳሚ፣ ጎረቤታችን ሐጅያ አንዋር መስጊድ ሰጋጅ፤ ግቢያችን ግን አንድ።

ቤታችን ለምግብ ሥርዓት ነበረው። አባባ ሳይገቡ መሶብ አይከፈትም። ልጅ ማስታጠቢያ ይዞ ይቆማል፤ ከራሱ ፊት እንጂ ከሰው ፊት አይቆርስም። እማዬ ሁሌም መጨረሻ ነበረች። «ብሉ፣ እኔ ቀማምሻለሁ» ትለን ነበር፤ እኛም እናምናት ነበር።

በሁለቱ ቤቶች መሃል ጠርዟ ሰማያዊ የሆነ አንዲት ሳህን ስትመላለስ ኖራለች። ባዶዋን ተመልሳ አታውቅም። ሥጋ ለየብቻ እንደሆነ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ግን እናውቅ ነበር። እኛ ስንደግስ ለእነሱ በሙስሊም እጅ ታርዶ በሌላ ድስት ይሠራል፣ ጭልፋው እንኳ አይቀላቀልም። የእነሱ ድግስ ላይም ለእኛ እንዲሁ። ሳህኗ ላይ ግን ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ሳምቡሳ እንጂ ሥጋ አይወጣም፤ ስለዚህ ጾምም ሃይማኖትም አያግዳትም። ረመዳን ሲገባ የአንዋር አዛን ሲሰማ ከጾሙት ልጆች እኩል ተሰልፈን እጃችንን የምንዘረጋው እኛ ያልጾምነው ነበርን። ሐጅያ ስቀው ያንን ቃሪያ የበዛበት የምስር ሳምቡሳ ቀድመው ለእኛ ይሰጡን ነበር። አፌ እየተቃጠለ ሁለተኛውን እጠይቃለሁ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ዐቢይ ጾም ላይ ነበርን። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መጨባበጥ ቀረ፣ ሰብሰብ ማለትም ቀረ። እንደ ሌላው ዓለም በር ዘግቶ መክረም ለመርካቶ አይሆንም፤ ዕለት ሠርቶ ዕለት የሚበላው ብዙ ነዋ። ማዕዱ ላይ ግን ነገሩ ገባ። በየበሩ ቧንቧ የተገጠመለት ጄሪካን ተተከለ። አባባ አይተው «ማስታጠቢያችንን ጥላችሁ ጄሪካን አመጣችሁ» አሉ።

ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታትለን ስንቀመጥ እማዬ ዶሮውን በየሳህኑ አከፋፍላ አቀረበች። በቤታችን ታሪክ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ፈረሰኛው ግን አሁንም አባባ ሳህን ላይ ነው፤ ኮሮና እሱን አልደፈረም። እማዬ ጠቅልላ እጇን ወደ አፌ ሰነዘረች፤ ከዚያ ትዝ አላትና ሳህኔ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። እንደዚያ ያለ ጉርሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደግሞ አንድ ያላሰብነው ነገር መጣ፦ ለሁሉም ሳህን ከተዘጋጀ ለእሷም መዘጋጀት ነበረበት። እናቴ ከእኛ እኩል፣ ሙሉ ድርሻዋን ይዛ ስትበላ ያየሁት ያን ቀን ነው። እያፈረች ነበር የምትበላው።

ከአምስት ቀን በኋላ ረመዳን ገባ። መስጊድ ተዘግቷል፣ ሐጅያ ተራዊህ የሚሰግዱት ቤታቸው ነው። ሳህኗ መመላለስ አቆመች። በምትኩ ማታ በራችን ይንኳኳል፤ ስንከፍት ሰው የለም፣ ትኩስ ሳምቡሳ በፌስታል ተቋጥሮ እጀታው ላይ ተንጠልጥሏል። እማዬን ያስጨነቃት በሽታው አልነበረም። ፌስታል አይመለስ ነገር፤ ታዲያ ውለታው በምን ይመለስ? በማግስቱ ድፎ ዳቦ ቆርሳ፣ በሌላ ፌስታል ቋጥራ፣ የሐጅያ በር ላይ ሰቅላ ሮጠች። ሮጠች ስላችሁ በዚያ ጉልበቷ ነው።

ገደቡ ሲላላ ትሪው ተመለሰ፣ ጉርሻውም ወደ አፍ ተመለሰ፣ እማዬም ወደ ወጥ ቤቷ። የእኔ ልጅ ግን በእጇ መብላት የለመደችው በዚያ ጊዜ ነውና ዛሬም «የኔ ሳህን የቱ ነው?» ትላለች። አያቷ ይከፋታል፣ ግን ታቀርብላታለች። እኔ ደግሞ አሁን ኮንዶሚኒየም ነኝ፤ ረመዳን ሲሆን ከሥራ ስወጣ መርካቶ ጎራ ብዬ ሳምቡሳ በወረቀት አስጠቅልዬ እገባለሁ። ጥሩ ነው፣ አይከፋም። ቃሪያው ብቻ ያንሰዋል።