ቡልቅ ቡልቅ የሚል ሳሎን

በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ይከበር ነበር። የአጎቴ የጋሼ ቤት ግን ከዚያም ያልፋል፤ ዓሣ ነበረው! የሚጠበስ ዓሣ መሰላችሁ? የለም፤ የሚዋኝ፣ ቀይ፣ ሰው ሲመጣ መስታወቱ ድረስ ቀርቦ አፉን የሚከፍት የሚዘጋ ዓሣ። በ1970ዎቹ ነው። አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ የቤት ዕቃውን ይሸጣል ተባለና ጋሼ አልጋ ሊገዙ ሄዱ። ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ ያለው ባለ ብረት ማዕዘን የመስታወት ገንዳ፣ አንድ ከረጢት ጠጠር፣ ባልዲ ሙሉ ጎልድ ፊሽና አንዲት የአየር ፓምፕ ነበር። አልጋ የለም። ባለቤታቸው እትዬ ይህን አልጋ ዛሬም ድረስ ያነሱባቸዋል።

ፓምፗ ባለ 110 ቮልት ሆና ተገኘች፤ ስለዚህ ትራንስፎርመር ተገዛላት። ያንን ግራጫ ሣጥን የሚያስታውስ አለ? ከባድ፣ የሚያጉረመርም፣ ሁልጊዜ ሞቅ ያለ! የቤቱ ድመት እላዩ ላይ ተኝታ ዓሦቹን ስታይ ነበር የምትውለው፤ ጋሼ «ጠባቂያቸው ናት» ይሉን ነበር፤ እኛ ግን ዓይኗን አይተን እናውቃለን።

ማጣሪያው የት እንዳለ ስንፈልግ ጋሼ ይስቁብን ነበር። ማጣሪያው ጠጠሩ ራሱ ነው! ከጠጠሩ ሥር የተበሳሳ የፕላስቲክ ዝርግ ተነጥፏል፤ ከማዕዘኖቹ ሁለት ቱቦዎች ሽቅብ ቆመዋል። ፓምፗ በቀጭን ጎማ አየር ወደ ቱቦዎቹ ሥር ትነፋለች፤ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ሲወጣ ውሃውንም ይዞት ይወጣል፤ የጎደለውን ለመተካት ደግሞ ከላይ ያለው ውሃ በጠጠሩ መሃል ቁልቁል ይሰርጋል። በቃ፤ ሙሉው ማሽን ይኸው ነው። ሳሎኑ ቀን ከሌት ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ እኛም ያንን እየሰማን ምንጣፍ ላይ እንቅልፍ ይወስደናል።

መብራት ሲጠፋስ? ወይ ደስታ! አረፋው ቀጥ ይልና ጋሼ ከመኝታ ቤት ሆነው «ተረኛ!» ብለው ይጣራሉ። ተረኛው ጭልፋ ይይዛል። ከገንዳው ውሃ እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ያንቆረቁራል፤ ፏ! ፏ! ፏ! ሻማው ይርገበገባል፣ ዓሦቹ ይሯሯጣሉ፣ ምንጣፉ ይርሳል፣ እትዬ ይቆጣሉ። በመጨረሻ ሰፈሩ ሁሉ «መጣ!» ብሎ ሲጮህ ከሁሉም የሚበልጠው የእኛ ጩኸት ነው፤ ክንዳችን ዝሎ አልቋላ! ፓምፗን ደግሞ ጋሼ ከገንዳው ከፍ አድርገው ቡፌው አናት ላይ ነበር የሰቀሏት። ከውሃው በታች ብትቀመጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ውሃው በጎማው ተስቦ ወደ እሷ ይወርዳል፤ ከዚያም ወለሉ ላይ። ዛሬ ውሃ እንዳይመለስ የምታግድ ትንሽ ፕላስቲክ አለች፤ ጎማው መሃል ትገባለች፤ ዋጋዋም ኢምንት ነው። ያኔ የነበረን ቡፌ ነው።

ያ የጭልፋ ሥራ የልጅ ማጫወቻ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሳነብ ጉድ አልኩ! አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃም በዚያው ልክ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል የሚይዝ ውሃ እዚህ 7 ሚሊግራም ገደማ ቢይዝ ነው። ለሯጮቻችን ይህ ከፍታ ሜዳሊያ አምጥቶላቸው ይሆናል፤ ጎልድ ፊሽ ግን ማራቶን አይሮጥም፤ አየር ነው የሚፈልገው። አየር ደግሞ ወደ ውሃው በደንብ የሚገባው ፊቱ ሲናወጥ ነው፤ ጭልፋችንም ያንን ነበር የሚሠራው። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ የውሃውን ፊት የማያናውጥ ማጣሪያ፣ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን፣ ግማሽ ማጣሪያ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ትርኢት ልምጣ፤ ወደ በዓል ጽዳት! እትዬ ባለሙያ ናቸው። ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ቤቱ ሲገለባበጥ ገንዳውም አይቀርለትም። ዓሦቹ ወደ ሳፋ ይዛወራሉ፣ ጠጠሩ በበረኪና ይታሻል፣ የተበሳሳው ዝርግ በሽቦ ይፈተጋል፣ መስታወቱ ያብረቀርቃል። በበዓሉ ዕለት እንግዳው ሁሉ «ወይ ማማሩ!» ይላል። በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ግን አንዱ ዓሣ በጎኑ ይንሳፈፋል፤ ይቀጥላል ሌላው። ቤቱ በአንድ ድምፅ ፈረደ፦ ዓይን በላቸው! ብዙ የሚያደንቁ አንዲት ጎረቤት ነበሩ፤ ምስኪን፣ እሳቸው ሊመጡ ነው ሲባል ገንዳው በነጠላ ይሸፈን ጀመር። እሳቸውም «ዓሦቹ ይበርዳቸዋል እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ እኛ ልጆቹ ሳቃችንን ለመደበቅ ወደ ጓዳ እንሮጣለን።

ቡዳው በረኪናው ነበር! ዓሣ የሚያወጣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ አሞንያ ይሆናል፤ አሞንያ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። ጠጠሩ ላይ የሚያድሩ ባክቴሪያዎች አሞንያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ እጅግ ያነሰ ጉዳት ወዳለው ናይትሬት ይለውጡታል። ይህን የባክቴሪያ ሥራ ሰርጌ ዊኖግራድስኪ የተባለው ሳይንቲስት በ1890 እ.ኤ.አ. አካባቢ ዙሪክ ውስጥ ሆኖ አሳይቷል። እትዬ በየበዓሉ ሲፈትጉ የነበረው እንግዲህ ያንን ሠራተኛ ነው። እሱ ተመልሶ እስኪራባ ሳምንታት ይፈጃል፤ ዓሣው ግን በዚያ መሃል መብላቱንም ማውጣቱንም አይተውም። ደግሞ የሚያስቀው፣ የጋሼ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሁለተኛውን ሥራ የሚሠራው ናይትሮባክተር ነው ይላል። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ጨው አልባ ውሃ ባላቸው የቤት ገንዳዎች ውስጥ የተገኘው ናይትሮስፓይራ የተባለው ነው ብሎ ስሙን ቀየረው። ዓሦቹ ልዩነቱ አልገባቸውም።

ሌላም ሳናውቀው የሠራልን ነገር ነበር። ቧንቧው ውሃ የሚሰጠው ደስ ሲለው ብቻ ስለነበር ክዳን በሌለው በርሜል እናጠራቅም ነበር። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪኑም ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይጎዳል። አፉ ተከፍቶ አንድ ሁለት ቀን ሲቀመጥ ግን በኖ ይጠፋል። ከገንዳው የተቀዳውን ውሃ ደግሞ ጋሼ ጤና አዳሙና ጽጌረዳው ሥር ያፈሱታል፤ ናይትሬት ማዳበሪያ ነውና ጤና አዳሙ አጥር ዘሎ ጎረቤት ገባ!

ዛሬስ? ዛሬ ሱቅ ገብቶ ማጣሪያ መምረጥ ራሱ መዝናኛ ነው። ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል አለ፣ ውሃ ውስጥ የሚሰጥም አለ፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር ተደብቆ ድምፁ የማይሰማ ካኒስተር አለ። ካርቶኑ ላይ «በሰዓት ይህን ያህል ሊትር» ይላል፤ የገንዳውን ውሃ በሰዓት 4 ወይም 5 ጊዜ የሚያዞር ከሆነ ይበቃል፤ ለ100 ሊትር 400 ወይም 500 ማለት ነው። ቁጥሩ የተለካው ግን ማጣሪያው ባዶ ሆኖ ስለሆነ ጨመር አድርጎ መግዛት ነው። ልጄ ካኒስተር ካልሆነ ይላል፤ ስልኩ ላይ አይቶ። ውሃን ጥርት በማድረግ የሚወዳደረው የለም፣ አልክድም። ነገር ግን ዝግ ባልዲ ነው፤ መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ ውስጡ ያለው ባክቴሪያ ኦክስጅኑን ጨርሶ ይታፈናል፤ መብራት ሲመጣም ያንን የከረፋ ውሃ ዓሦቹ ላይ ይደፋዋል። ስለዚህ ካኒስተሩ ሳይታጠብ መነሳት የለበትም።

እኔ ስፖንጅ ነኝ! ስፖንጅ ማጣሪያ የጋሼ ጠጠር የልጅ ልጅ ነው፤ ያው አየር፣ ያው አረፋ፣ ያው ቡልቅ ቡልቅ። ዋጋው ትንሽ፣ የሚበላሽ ነገር የለው። ቻርጅ የሚደረግ የአየር ፓምፕ ገጥሜለታለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ራሱ ይነሳል። ጋሼ አንድ ማታ ኮንዶሚኒየማችን መጥተው ሳለ መብራት ጠፋ። ሳሎኑ ጨለመ፣ አረፋው ግን ቀጠለ! ጋሼ ዱላቸውን ተደግፈው ቆዩና «እና ተረኛ የለም?» አሉ። ቅር ያላቸው ይመስለኛል።

ስፖንጁን ሳጥበው በቧንቧ አይደለም። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ፣ ያውም ማለፊያው ሲደፈን ብቻ። ሽቶም ሳሙናም በረኪናም አይጠጋውም፤ ለበዓልም ቢሆን!

ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ዓሣውን ከመግዛታችሁ በፊት ማጣሪያውን አስነሱት፤ ትንሽ የዓሣ ምግብ እየጣላችሁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይዙር። ለመቸኮል ደግሞ ሕጋዊ መንገድ አለ፤ እርሾ ከጎረቤት እንደሚለመን ሁሉ የቆየ ማጣሪያ ካለው ሰው የስፖንጅ ጭማቂ መለመን ነው። ቡናማ ነው፣ ያስጠላል፣ ተአምር ነው። እኔ ጋ ሞልቷል፤ ጠርሙስ ይዛችሁ ኑ።