ኤሌክትሪክ ቈጣቢው ሞኒተር

ኤል.ኢ.ዲ. የሚለው ስም በኮምፒውተር ሞኒተር ካርቶን ላይ ተጽፎ ሲታይ፥ ብዙ ሰው መስታወቱ ራሱ የሚያበራ ይመስለዋል። ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም፤ ስሙ የሚያመለክተው ከገጹ በስተኋላ የተሰወረውን መብራት ነው። ፈሳሽ ክሪስታል የሚባለው ገጽ የራሱ ብርሃን የለውምና፥ ከኋላው የሚመጣውን ብርሃን እንደ መጋረጃ ሲገልጥና ሲጋርድ ፊደልና ሥዕል ይታያል። የቀድሞዎቹ ጠፍጣፋ ሞኒተሮች መብራት ሜርኩሪ ያለበት ቀጭን የፍሎረሰንት ዘንግ ነበረ፤ የአሁኖቹ ግን ጥቃቅን ኤል.ኢ.ዲ. ናቸው። ነጩ ብርሃን የሚገኘው በሰማያዊው ኤል.ኢ.ዲ. አማካይነት ነው። ይህን ሰማያዊ ብርሃን የፈለሰፉት በትውልድ ጃፓናውያን የሆኑት ኢሳሙ አካሳኪ፥ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2014) የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል።

በቤታችን የነበረው ከኋላው እንደ ሣጥን የገዘፈ አሮጌ ሞኒተር ነው። ልጄ በእርሱ ላይ ጥቂት ካነበበች በኋላ ዐይኗን ታሻለች፤ ራሷንም ያማታል። የመምህር ደመወዝ የታወቀ ነውና፥ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት በሶኬቱና በመሰኪያው መካከል የሚገባ መለኪያ ተውሼ ነገሩን በቍጥር መረመርሁት። የእኛው አሮጌ 75 ዋት ወሰደ። የሥራ ባልደረባዬ ባለ 22 ኢንች ኤል.ኢ.ዲ. ደግሞ ብርሃኑ እስከ ጫፍ ሲወጣ 22 ዋት፥ በግማሽ ሲደረግ 14 ዋት ብቻ ወሰደ። በቀን 5 ሰዓት ቢሠሩ አሮጌው በዓመት 137 ኪሎዋት ሰዓት፥ አዲሱ 26 ያህል ይፈጃሉ። ልዩነቱ 111 መሆኑን ለባለቤቴ በደስታ ብነግራት፥ እርሷ በፈንታዋ ምጣዳችንን አስታወሰችኝ። ምጣዱ ሦስት ኪሎዋት ተኩል የሚወስድ፥ በሳምንትም ሁለት ሰዓት የሚጣድ ነው፤ ስለዚህ የዓመቱ ቍጠባ የ16 ሳምንት እንጀራ መጋገሪያ መሆኑ ነው። ቍጠባው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ለብቻው ሞኒተር የሚያስገዛ አይደለም።

እንግዲህ ፈራጁ ዐይን ሆነ። ሻጩ ባለ 27 ኢንቹን እንድወስድ አጥብቆ መከረኝ። እኔ ግን ይዤው የሄድሁትን የአማርኛ ጽሑፍ በሁለቱም ላይ አስከፈትሁ። ሁለቱም ገጾች በአግድም 1920፥ በቁመት 1080 ነጥብ አላቸው፤ ስለዚህ ይኸው የነጥብ ብዛት በትልቁ ላይ ሲዘረጋ ለአንድ ኢንች የሚደርሰው 82 ያህል፥ በትንሹ ላይ ግን 100 ያህል ነው። በትልቁ ላይ ደቃቁ ጽሑፍ ሲነበብ የ«ሉ» ቅጥል ወደ «ሊ» ይጠጋል፤ ካዕቡን ከሣልሱ ለመለየት መጐንበስ ያስፈልጋል። በላቲን ፊደል ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ላያስተውል ይችላል። ፊደል ለምታጠና ልጅ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ከጐንና ከታች ሆኜም ተመለከትሁ፤ አንዳንዱ ገጽ ከፊቱ ዘወር ሲሉ ይጠቍራልና፥ ሦስት ሰው አብሮ ለሚያይበት ቤት አይሆንም።

ትንሹን ገዛሁ። ብርሃኑን በግማሽ አድርገነዋል፤ ለዐይንም ለሒሳቡም ይበጃል። ልጄ ከአንድ ክንድ በላይ ርቃ ትቀመጣለች፤ በየ20 ደቂቃው ወደ ግቢው ዛፍ አሻግራ እንድትመለከት አዝዣታለሁ፥ እርሷ ግን ዛፉን ስታይ ትቈይና ወደ ንባቧ መመለሱን ትረሳለች።