የማይቸኩል ሙሾ

የስኮትላንድ ባግፓይፕ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሽርጥ መሳይ ቀሚስ የለበሱ ወታደሮችን ሰልፍ ነው። የአገሩ ሰዎች ግን የሰልፉንና የጭፈራውን ዜማ «ትንሹ ዜማ» ይሉታል። «ታላቁ ዜማ» ፒብሮክ ነው፤ አንዱ ብቻ ሩብ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

መሣሪያው ግትር ነው። ከረጢቱ በትንፋሽ ተሞልቶ በክንድ ከተጨመቀ በኋላ ድምፁን ዝቅ ማድረግም፣ መሐል ላይ ጸጥ ማሰኘትም አይቻልም። የዜማው ቱቦ ያለው ዘጠኝ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሦስት ቱቦዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይለወጡ ያጉረመርማሉ። ታዲያ ድምፁን መስበር የማይችል መሣሪያ ኀዘንን እንዴት ይናገራል?

በጊዜና በሥርዓት ይናገራል። ፒብሮክ የሚጀምረው «ኡርላር» በተባለ ዝግተኛ ዜማ ነው፤ ቃሉ በጌሊክ ቋንቋ ወለል ማለት ነው። ከዚያ ያው ዜማ ደረጃ በደረጃ ይለወጣል። በየዋናው ድምፅ ዙሪያ ጥቃቅን የጣት ጌጦች እየተጨመሩ፣ ታዎርሉዋ ከተባለው ደረጃ አልፎ ክሩንሉዋ ይደርሳል። ጣቶቹ በሩጫቸው ጫፍ ላይ ሳሉ ነፊው ወደ ወለሉ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ለዘመናት የተላለፈው በቃል ነው። መምህሩ ዜማውን በልዩ ቀለማት ያዜማል፤ ተማሪው እየተቀበለ ይይዛል፤ ልክ ኳየራችን አዲስ መዝሙር እንደሚያጠናው። ስለዚህ ሙሾው ወደ ቱቦው ከመግባቱ በፊት በሰው ጉሮሮ አልፏል።

ወንድሜን በቀበርንበት ዓመት «የልጆች ሙሾ» የሚባለውን ፒብሮክ በስልኬ ሰማሁ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የስካይ ደሴት ሰው የነበረው ፓድሪግ ሞር ማክሪመን እንደ ደረሰው ይነገራል። ከስምንት ልጆቹ ሰባቱን በአንድ ዓመት ውስጥ እንዳጣ ትውፊት ያወሳል።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ሰው ሁሉ በፍቅር «በርታ» ይለኝ ነበር። ይህ ዜማ ግን አላጣደፈኝም። አንዱን ሐረግ ይላል፤ ደግሞ ይመለስበታል፤ የልጆቹን ስም በየተራ የሚጠራ አባት ይመስላል። በመጨረሻ ወለሉ ሲመለስ ድምፆቹ እንደ መጀመሪያው ናቸው፤ እኔ ግን ያን ሁሉ መንገድ አብሬው ስለ ሄድሁ ሌላ ሆኖ ተሰማኝ። ያን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቸኩል አለቀስሁ።

የኢዮብ ወዳጆች ብዙ ከመናገራቸው በፊት ሰባት ቀን ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው ነበር። ወዳጃችሁ ሲያዝን ወደ እልልታ አታጣድፉት። መጀመሪያ ወለሉ ላይ አብራችሁት ተቀመጡ።