ቀፎውን ሳይከፍቱ

ንብን መጀመሪያ ያወቅኋት በጆሮዬ ነው። በአያቴ ቤት ታዛ ሥር እበትና አመድ የተለቀለቁ የሸምበቆ ቀፎዎች ተጋድመው ነበር፤ እኔ የምተኛበት መደብ ደግሞ ከግድግዳው በዚህ በኩል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናትና የሌሊቱን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ከጉና በኩል ሲነፍስማ ተዉት! ንቦቹ ታዲያ እርስ በርስ ተጠጋግተው፣ ሰውነታቸውን እያንቀጠቀጡ ይሟሟቃሉ። ያ ድምፅ በጭቃው ግድግዳ ሰርጎ ሲመጣ ካህናት ማኅሌት የቆሙ ይመስለኝ ነበር። እንቅልፍ የሚወስደኝ እሱን እየሰማሁ ነው።

አያቴ ንባቸው ደህና መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ብለው ቀፎ መክፈት አይወዱም። "በዚህ ብርድ ቤቱን የሚከፍቱበትን ማን ይወዳል?" ይላሉ። ጧት ፀሐይ ሞቅ ስትል ጋቢያቸውን ተከናንበው ከቀፎው አፍ ጎን ቁጢጥ ይላሉ፤ ፊት ለፊት መቀመጥ የንብን መንገድ መዝጋት ነው፣ ነውር ነው። ከዚያ ዝም ብለው ያያሉ። ቢጫ የአበባ ዱቄት በእግሯ ይዛ የምትገባ ከበዛች "ልጅ እያሳደጉ ነው" ይሉና ፊታቸው ይፈታል። ከደጁ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ካዩ ሆዷን አሟታል ማለት ነው። ድር መሳይ ነገርና ጥቁር ፍርፋሪ ከረገፈ ደግሞ የሰም እራት ገብታለች፤ እራት የምትደፍረው የደከመ ቀፎ ነው፣ ብርቱው ራሱ ያባርራታል።

ቀጥሎ ማንኳኳቱ ነው። በጣታቸው አንጓ አንዴ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። ጤነኛ ቀፎ "እሽሽ" ብሎ ወዲያው ጭጭ ይላል። አውራ ንቧ የሞተችበት ግን ቶሎ አይበርድለትም፤ ድምፁ እየተጎተተ ይቆያል። እኔንም ጭንቅላቴን ይዘው ያስጠጉኝና "ሰማህ? ለቅሶ ላይ ናቸው" ይሉኛል። ንቦቹ ታዲያ በሟቿ ቦታ ሌላ ያሳድጋሉ፤ አንዲት አውራ ከእንቁላል ተነሥታ ሙሉ ንብ ሆና እስክትወጣ 16 ቀን ገደማ ይፈጅባታል፤ ንቦቹ የተፈለፈለች እጭ ካገኙና እሷን ካሳደጉ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። አያቴ ይህን ሁሉ ባያሰሉትም "ሁለት ሰንበት እንታገሣቸው" ብለው ይተዉአቸው ነበር።

መጨረሻ ላይ አፍንጫ። ደህና ቀፎ ሞቅ ያለ የሰምና የማር ሽታ አለው። እጭ የሞተበት ይከረፋል። አያቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያሸቱ እኔም አጠገባቸው ሆኜ እጨፍናለሁ፤ ምን እንደማሸት ግን እንጃ፣ ከጋቢያቸው የሚመጣው የጭስ ሽታ ነበር አፍንጫዬን የሚሞላው።

ይህ ሁሉ ትዝ ያለኝ ሜሪላንድ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ባለፈው ሲደውልልኝ ነው። ቤቱ ውስጥ በመስታወት ሣጥን የባሕር ውኃ አበጅቶ ለስላሳ ኮራል ያሳድጋል። ኮራልም እንደ ንብ ብዙ ነፍስ አንድ ሆኖ የሚኖርበት ፍጥረት ነው። አንዱ ኮራሉ ጣቶቹን ሰብስቦ ከተዘጋ ሰንብቷልና ልጁ ተጨንቋል። "ይከረፋል?" አልኩት፣ ሳላስበው። አይከረፍም፤ ላዩን ብቻ ሰም የመሰለ ስስ ሽፋን ለብሶ ያብለጨልጫል። ኋላ ሲያጣራ ያ ዓይነቱ ኮራል አልፎ አልፎ ቆዳውን የሚገፍ ሆኖ አገኘው። ውኃውን በደንብ አዘዋወረለት፣ ሳይነካው ታገሠ፤ ሽፋኑ ተልጦ ሄደና ተከፈተ።

ወደ አያቴ ልመለስ። ለንብ ከሁሉ የሚከፋው ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ከቤት አያስወጣት፣ ደጅም ብትወጣ አበባ የለ። አያቴ ቀፎውን በእጃቸው ከፍ አድርገው ይመዝኑታል፤ ከቀለለባቸው ሴት አያቴ በሶ በማር ለውሰው በሸክላ ስባሪ ያቀርባሉ። በሶው የሚነሣው ከእኛ ከልጆቹ ድርሻ ስለነበር ማኩረፋችን አልቀረም። በዚያ ላይ ነሐሴ 13 ቡሄ ይመጣል። ደብረ ታቦር ተወልዶ በደብረ ታቦር በዓል ጅራፍ አለማጮህ የማይታሰብ ነው! የተራበ ንብ ከተረበሸ ደግሞ ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል። አያቴ ሙልሙል ታቅፈው ይወጡና "የእኔ ጌቶች፣ እባካችሁ ወደ ሜዳው ሂዱልኝ" ብለው ይለምኑናል። እኛ ምን ተማርን? ወደ ታዛው ተጠግቶ ያጮኸ ሙልሙሉ ይበዛለታል።

አደይ አልፎ ጥቅምት ሲሆን ማር ይቆረጣል። የኩበቱ ጭስ፣ የአያቴ ቀስ ያለ እጅ፣ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" እያሉ ንቧን ማባበላቸው። የመጀመሪያው የማር እንጀራ የሰፈሩ አራስ ቤት ይላካል። ተሸካሚው እኔ ነኝ፤ በመንገድ ላይ ጣቴ ምን ይሠራ እንደነበር ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

አሁን አሁን ከቀፎ ደጅ የሚታየው አያቴ የማያውቁት ነው። ጧት ስትወጡ ንቡ ረግፎ ታገኙታላችሁ። ጎንበስ ብላችሁ አንዷን ብታነሡ ምላሷ ተዘርግቶ ቀርቷል፤ ብዙ ጊዜ የመርዝ ምልክት ነው። የተባይ መድኃኒቱ ንቧን ይገድላል፣ የአረሙ ደግሞ የምትቀስመውን አበባ። ከንብ ገላ ላይ ተጣብቃ የምትኖር ቫሮአ የምትባል ተውሳክም አገራችን ገብታለች። ደግነት ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ "ነገ ልረጭ ነውና ቀፎህን ዝጋ" ብሎ ማታውኑ ልጅ የሚልክ ጎረቤት አለ። አመሻሽ ላይ፣ ንብ ከገባ በኋላ የሚረጭም አለ፤ እሱን እግዜር ይስጠው።

ታዛው ቆርቆሮ ሆኗል፤ የሸምበቆዎቹን ቦታም ባለ ፍሬም የሣጥን ቀፎ ይዞታል። ባለቤቱ የአጎቴ የልጅ ልጅ ነው። ስሄድ "እስቲ አንኳኳው" አልኩት። ሳቀብኝ። "ጋሼ፣ ከፍቼ ባሳይዎት አይሻልም?" አለና አንዱን ፍሬም ወደ ብርሃኑ አነሣው። በየጉድጓዱ አንዳንድ እንቁላል፣ ነጭና ቀጭን፣ ቆሞ ይታያል። ከዚያ በጣቱ አመለከተኝ፤ አውራዋ፣ ሆዷ ረዘም ብሎ፣ በሠራተኞቹ መሀል ዝግ ብላ ትሄዳለች። እንዴት ታምራለች መሰላችሁ! አያቴ ዕድሜ ልካቸውን ድምፅ ሲያዳምጡላት የኖሩትን እሷን፣ ስንት ጊዜ በዓይናቸው አይተዋት ይሆን?