በሴንት አንድሩስ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀዳዳዎች

በሥራም ሆነ ዘመድ ጥየቃ ኤድንብራ ከደረሱና ጎልፍ ከጀመሩ፣ ለሴንት አንድሩስ ሁለት ቀን ይተውላት። በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘው ሉከርስ ጣቢያ ይወርዳሉ፤ ቀሪዋን መንገድ አውቶቡስ ይጨርሰዋል። ከተማዋ ትንሽ ናት። “ኦልድ ኮርስ” የሚባለው ሜዳዋ ግን የጎልፍ ተጫዋች ሁሉ አንድ ቀን ልርገጠው የሚለው ነው። አንድ ሙሉ ጨዋታ በዓለም ዙሪያ 18 ቀዳዳ የሆነውም እ.ኤ.አ. በ1764 እዚህ ከ22 ወደ 18 ስለተቀነሰ ነው።

ሜዳው የሕዝብ ነው፤ ክፍያው ውድ ቢሆንም አባል መሆን አይጠበቅብዎትም። የተመዘገበ ሃንዲካፕዎን የሚያሳይ ማስረጃ ይያዙና ከሁለት ቀን በፊት ለዕጣው ይመዝገቡ።

ዕጣው ወጣልዎ እንበል። የመጀመሪያው መምቻ ላይ ሲቆሙ ከኋላዎ እ.ኤ.አ. በ1854 የተሠራው የክለብ ሕንፃ አለ፤ በትልልቅ መስኮቶቹ የሚመለከትዎ ሰው አይጠፋም። በዙሪያዎ ተራ ጠባቂዎችና አላፊ አግዳሚ ቆመዋል። ከፊትዎ የተዘረጋው ሣር ከ18ኛው ቀዳዳ ጋር የተጋጠመ ስለሆነ ወርዱ ከ100 ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ያለ ሜዳ ይሳታል? ይሳታል። እ.ኤ.አ. በ1991 የኦፕን ሻምፒዮና ዋንጫ ያነሣው አውስትራሊያዊ ኢያን ቤከር ፊንች፣ ከአራት ዓመት በኋላ እዚሁ ቆሞ የመታት ኳስ ያን ሁሉ ስፋት በግራ አቋርጣ ከክልል ውጭ ወጥታለች። እዚህ ቀዳዳ ላይ ትልቁ ጠላት ሰው ፊት መሆን ነው፤ የእርስዎም እጅ ቢንቀጠቀጥ አይግረምዎ።

ስለዚህ ድራይቨሩን፣ ያንን ረጅሙን ዱላ፣ ከቦርሳው አያውጡት። ቀዳዳው 344 ሜትር ያህል ነው፤ ጉልበት አይጠይቅም። በቀኝ በኩል ያለው አጥር እስከ መጨረሻው ከክልል ውጭ ስለሆነ ከመሐል ትንሽ ወደ ግራ ያነጣጥሩ። ዋናው ፈተና ሁለተኛው ምት ላይ ነው። ስዊልካን በርን የምትባለው ጠባብ ጅረት ከግሪኑ፣ ማለትም ቀዳዳዋ ካለችበት የተላጨ ሣር፣ ፊት ለፊት ታልፋለች። “ይበቃል” ካሉት ዱላ አንድ ደረጃ የሚበልጠውን ይያዙ። ግሪኑን አልፋ የሄደች ኳስ ተመትታ ትመለሳለች፤ ውኃ የገባች ግን አንድ ምት ታስቀጣለች።

ሁለተኛው ቀዳዳ ስሙ “ዳይክ” ነው። በቀኝ ቢጫ አበባ ያለው እሾሃማ ቁጥቋጦ አለ፤ እዚያ የገባች ኳስ ለመውጣቷ ዋስትና የለም። በግራ ደግሞ “ቺፕስ” የተባለው የአሸዋ ጉድጓድ ይጠብቃል። ከሁለቱ የግራው ይሻላል፤ ከአሸዋ ቢያንስ ይወጣል። ግሪኑን ከ16ኛው ቀዳዳ ጋር ስለሚጋሩት ሁለት ባንዲራ ሲያዩ አይደናገጡ፣ የራስዎን ለይተው ይምቱ።

ሦስተኛው አጠር ይላል፤ በቀኝ ያሉትን ትንንሽ የአሸዋ ጉድጓዶች ሸሽተው በግራ ይሂዱ። ግሪኑ አጠገብ መሬቱ ደረቅና ጠንካራ ስለሆነ ኳሷን ወደ ሰማይ ከማንሣት ማንከባለል ያዋጣል። ነፋሱ ከባሕር ሲነሣ ከፍ ያለች ኳስ የት እንደምታርፍ ማን ያውቃል?

ጨዋታዎ ሰኞ እንዲሆን ካመቻቹ አንድ ተጨማሪ ጥቅም ያገኛሉ። እሁድ በተለመደው ጊዜ ኦልድ ኮርስ ለጎልፍ ዝግ ነው፤ የከተማው ሰው ከነልጆቹና ከነውሻው ይንሸራሸርበታል፣ መግቢያም አይከፈልም። ከቤተሰብዎ ጋር እስከ ጅረቷ ይሂዱ፤ ከመምቻው ስትታይ የማታስፈራው ስዊልካን ለግሪኑ ምን ያህል እንደምትቀርብ በዓይንዎ ይዩ። ልጆቹ መምታት ካማራቸው “ሂማላያስ” የተባለውና ጉብታ የበዛበት ትንሽ ሜዳ አጠገቡ ስላለ፣ ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት ጠይቀው ይውሰዷቸው። እ.ኤ.አ. በ1867 የተመሠረተው የሴቶች ክለብ ነው የሚጫወትበት፤ ለጎብኚም በትንሽ ክፍያ ይፈቀዳል። ነፋስ የሚከላከል ጃኬት ግን ለሁሉም ይያዙ፤ ሐምሌና ነሐሴ እዚያ በጋ ነው ተብሎ የሚታመን አይደለም።