ሕፃኑ፣ መጽሐፉና የአያቱ ጆሮ

ሕፃን ፊደል ቈጥሮ ከጨረሰ ንባብ ዐወቀ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» እንደ ተባለው፣ ልጁ በድምፁ ያሰማው ቃል በልቡ አንዳች ነገር ካላነቃበት መጽሐፍን ሊወድ አይችልም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጥ ዘንድ መወሰኑ ስለዚህ የተገባ ነበር።

እኛ የወላይታ ሶዶ ሰዎች ይህን ነገር በብዙ ዋጋ ተምረነዋል። በ1992 ዓ.ም. ከወላይትኛ፣ ከጋሞኛ፣ ከጎፍኛና ከዳውሮኛ ተቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በተባለ ቋንቋ የተዘጋጁ መጻሕፍት ወደ ትምህርት ቤት በገቡ ጊዜ ሕዝቡ ተቃወመ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ በመጨረሻም መጻሕፍቱ ተነሡ።

ዛሬ ሕፃኑ የሚይዘው መጽሐፍ በወላይትኛ የተጻፈ ነው። ሆኖም በቤት ውስጥ አንድ መጋረጃ ቀርቷል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ሲሆን፣ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን ትምህርት ቤቶቻችን ወላይትኛን በላቲን ፊደል ማስተማር ጀመሩ። በዚያ ዘመቻ ማንበብ የተማሩ አንዲት ጎረቤት አሉኝ፤ የልጅ ልጃቸው ሲያነብ አጠገቡ ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ቃል ሲሰብርም በጆሯቸው ብቻ ያርሙታል። መጽሐፉን ቢሰጣቸው ግን፣ ቋንቋው የገዛ ቋንቋቸው ሆኖ ሳለ፣ ፊደሉ ባዕድ ይሆንባቸዋል። ልጁም የራሱ ጭንቅ አለበት፤ «ኤክስ» የምትባለው ፊደል በወላይትኛው መጽሐፍ የ«ጠ»ን ድምፅ ስትሰጥ፣ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ «ክስ» ሆና ትጠብቀዋለች።

ይህን መጋረጃ ለመግለጥ ብዙ ገንዘብ አያሻም። መምህሩ ተማሪዎቹን «ዛሬ ማታ ከአያቶቻችሁ አንድ ተረት ሰምታችሁ፣ ነገ ጽፋችሁ አምጡ» ይበላቸው። የ30 ልጆች ጽሑፍ ታርሞ በክር ቢሰፋ፣ ክፍሉ ከመማሪያው መጽሐፍ ሌላ የራሱን መጽሐፍ አገኘ ማለት ነው። ያም መጽሐፍ በየተራ ወደየቤቱ ይሂድ። ልጁ ሲያነበው አያቲቱ የገዛ ቃላቸውን ከወረቀት ሲወጣ ይሰማሉ፤ አንዲት ነገር ቢጐድልም «እንዲህ አልነበረም» ብለው ያቃናሉ። ልጁም ያነበበው ነገር ሰሚ እንዳለው ሲያይ፣ ነገ ሌላ ገጽ ለመግለጥ ይቸኩላል።

የዘመቻው ተማሪዎች ዛሬ አርጅተዋል፤ ተረቱም ከእነርሱ ጋራ ነው። ስለዚህ መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ በመስከረም የጊፋታ በዓል ቤተ ዘመድ በተሰበሰበ ጊዜ፣ ከምግቡና ከጨዋታው መካከል ለልጆቻችን አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ እናቅርብላቸው።