ሃይማኖታችንና ትምህርታችን

የፖለቲካ ሳይንስ ከምንማረው መካከል ካቶሊኮቹ በጣት የምንቆጠር ነን። ባለፈው ወር በክፍል ውስጥ ስለ መንግሥትና ስለ ሃይማኖት ክርክር ተነሥቶ ሳለ አንድ ጓደኛችን ወደ እኛ ዘወር ብሎ፤ «ለመሆኑ ስለ ዐፄ ሱስንዮስ ምን ትላላችሁ?» ሲል ጠየቀን። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛ ግን የምንመልሰው አጣን። ማታ ተሰብስበን ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ አመሸን።

ጥያቄው የሚገባ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1622 ዓ. ም. ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ ገለጡ፤ ቀጥሎም ሕዝቡ እንዲከተላቸው በዐዋጅ አስገደዱ። ዐመፅ ተነሣ፤ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዓ. ም. ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ራሳቸው ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ከመካከላችን አንዱ፤ «ጥፋቱ የንጉሡ እንጂ የሃይማኖቱ አይደለም» ሲል ተከራከረ። ይህ ግን ማምለጫ ነው። ካህናቱ እንደ ገና እንዲካኑ፤ ምእመናኑ እንደ ገና እንዲጠመቁ ያሉት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ።

እንግዲህ ምን እንማራለን? የማኪያቬሊ ተማሪ ነገሩን የስልት ጉድለት ብሎ ያልፈው ይሆናል። እኛን ግን ይህ አያጠግበንም። ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዓመት፤ ማመን የፈቃድ ነገር ስለ ሆነ ከቶ ያላመነ ሰው እንዲያምን ሊገደድ አይገባም ብሎ አስተማረ፤ መናፍቅ ያለውን ግን ማስገደድን ፈቀደ። ሰይፉ የገባው በዚያች በተተወችው ቀዳዳ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በሃይማኖት ነገር ማንም እንዳይገደድ የወሰነው በ1965 ዓ. ም. ነው፤ ከሱስንዮስ ሞት 333 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ያስጨንቀናል። ዛሬ ጥቂቶች ስለ ሆንን ነጻነትን መውደድ አይከብደንም። ብዙዎች ብንሆን፤ ሥልጣኑም በእጃችን ቢሆን፤ ለሌላው እንፈቅድለት ነበርን? ካቶሊክ ሆኖ የመንግሥትን ነገር መማር ለእኛ ይህን ጥያቄ ሳይሸሹ መያዝ ነው እንጂ ለወገን ጥብቅና መቆም አይደለም።

በሚቀጥለው ሳምንት ለጓደኛችን፤ «ጥፋት ነበረ» ብለን መለስንለት። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። አንባቢ ሆይ፤ አንተስ ከብዙዎቹ ወገን ከሆንህ፤ ጥያቄው ወደ አንተ ሲዞር ምን ትመልሳለህ?